ጨርቁን የሚለካው ማን ነው?

ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ገበያ በተነሣ ቁጥር ሁለት ፍርዶች ቀድመው ይሰማሉ። አንደኛው «ገበያ ገባ፤ አለቀለት» ይላል። ሁለተኛው «ይህን ያህል ሕዝብ ገዝቶታል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» ሲል ይመልሳል። የመጀመሪያው ፍርድ በከያንያንና በመምህራን ዘንድ ይዘወተራል፤ ሁለተኛው ዓመታዊ ሪፖርት በሚያዘጋጁ ኃላፊዎች ዘንድ ይወደዳል። ሁለቱ ወገኖች እንደ ባላንጣ ይተያያሉ። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሥራውን ሳይመረምሩ ሽያጩን ይቆጥራሉና። አንዱ በቁጥሩ ያዝናል፣ ሌላው በቁጥሩ ይኩራራል፤ የሚሰፍሩበት ቁና ግን አንድ ነው፤ ያውም ሰባራ ቁና።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ወገኖች ለመሞገት የተጻፈ ነው። ሙግት ያለ ምስክር ባዶ ጩኸት ስለሚሆን፣ ከአነስተኛ አሳታሚ ተነሥቶ እስከ ዋናው ገበያ አናት የወጣ፣ በመጨረሻም በራሱ ስም ማሳተም የጀመረ አንድ ባንድ በምስክርነት እንጥራ። ባንዱ «ዘ ዲሴምበሪስትስ» ይባላል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላም የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ በዲሴምበር 1825 በሴንት ፒተርስበርግ ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ለቀዳማዊ ኒኮላስ ቃለ መሐላ አንፈጽምም ብለው ያመፁትን የሩሲያ መኮንኖች ያስታውሳል። ከነዚያ ዓመፀኞች አምስቱ በ1826 ተሰቅለዋል፤ ብዙዎቹም ወደ ሳይቤሪያ ተግዘዋል። እንዲህ ያለ ስም የተሸከመ ባንድ ወደ ታላቅ ኩባንያ ደጅ ሲያመራ «ዓመፀኛው ገበረ» የሚል ፌዝ መከተሉ አይቀርም። ፌዝ ግን ሐተታ አይደለም።

የባንዱ የግጥምና የዜማ ደራሲ፣ ድምፃዊውም ኮሊን ሜሎይ፣ በሞንታና ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ድርሰት ያጠና ሰው ነው። ዘፈኖቹ ስለ ደራሲው የግል ብሶት ብዙም አያወሩም። መርከበኛ፣ ወታደር፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊ፣ በመቃብሩ ዕረፍት ያጣ መንፈስ በየተራ መድረኩን እየያዙ የየራሳቸውን ታሪክ ይናገራሉ። በእኛ በተውኔት ጸሐፊዎች ቋንቋ ይህ በዜማ የተደረሰ መነባንብ ነው። አኮርዲዮንና ኦርጋን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጎን ተሰልፈው ያጅቡታል። የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው በ2002 በፖርትላንዱ አነስተኛ አሳታሚ በ«ሀሽ ሪከርድስ» ወጣ። በተከታዩ ዓመት በዋሽንግተን ግዛት፣ በኦሊምፒያ ከተማ በ1991 የተቋቋመው «ኪል ሮክ ስታርስ» ያንኑ አልበም እንደገና አሳተመው፤ በ2003 እና በ2005 ደግሞ ሁለት አዳዲስ አልበሞች አወጣላቸው። የ2005ቱ «ፒካሬስክ» የተቀረጸው በአንድ የቀድሞ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባንዱ ከ«ካፒቶል ሪከርድስ» ጋር መፈራረሙ ተሰማ። ካፒቶል በዚያን ጊዜ የእንግሊዙ ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያ የኢ ኤም አይ አካል ነበር።

የመጀመሪያው ወገን እዚህ ላይ መዝገቡን ይዘጋል። ነጻ የነበረው ታሰረ፤ ከእንግዲህ የሚሰማ ነገር የለም ይለናል። ይህ ወገን ሁለት ነገሮችን ዘንግቷል።

በመጀመሪያ፣ «ኢንዲ» የሚለው ቃል በመነሻው የባለቤትነትን ጉዳይ የሚገልጽ ነው። ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ነጻ የሆነ አሳታሚ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ የቅላጼ፣ የአለባበስና የጺም አቆራረጥ ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ ብዙዎች «ኢንዲነቱን አጣ» ሲሉ የሚያዝኑት ለውሉ ሳይሆን ለመልኩ ነው። ውሉን ያላነበበ ሰው ስለ ነጻነት ሲሰብክ ማየት የሚያስገርም ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የሕዝብ ዜማ ከገበያ ርቆ በንጽሕና የኖረ መነኩሴ አይደለም። ይህ ባንድ የሚመስላቸው የእንግሊዝና የስኮትላንድ የትረካ ዘፈኖች ለዘመናት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እየታተሙ በአደባባይና በገበያ ቀን በሳንቲም ይቸበቸቡ ነበር። ሻጩ ራሱ እያዜመ ይሸጣቸው ነበር። ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ 305 የትረካ ዘፈኖችን ሰብስቦ ባሳተመ ጊዜ፣ ከወረሳቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ በእነዚያ የሳንቲም ወረቀቶች የተላለፉ ነበሩ። የእኛም አዝማሪ በሠርግ ቤትና በድግስ ዳስ ሽልማቱን ግንባሩ ላይ እየተቀበለ የኖረ ከያኒ ነው። ስለዚህ «ሕዝባዊ ነበር፤ ተሸጠና ረከሰ» የሚለው ክስ ታሪክን ካለማወቅ የመነጨ ነው። ሕዝባዊው ሲሸጥ ኖሯል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው።

ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚነግረን ደግሞ ባንዱ በካፒቶል ያሳተመው የመጀመሪያ አልበም ነው። በኦክቶበር 2006 የወጣው ይህ አልበም «ዘ ክሬን ዋይፍ»፣ ማለትም «ወፊቱ ሚስት» ይባላል፤ ርእሱን ያገኘው ከአንድ የጃፓን ተረት ነው። ተረቱ እንዲህ ነው። አንድ ድኻ ሰው እንደ ሽመላ እግረ ረጅም የሆነች የቆሰለች ወፍ ያገኛል፤ አስታሞም ይለቃታል። ጥቂት ቆይቶ አንዲት እንግዳ ሴት ወደ ቤቱ መጥታ ሚስቱ ትሆናለች። ኑሮ ሲከብዳቸው «ጨርቅ ልሽመን፤ ነገር ግን ስሸምን አትመልከተኝ» ትለዋለች። ጨርቁ እጅግ ያማረ ነበርና በጥሩ ዋጋ ተሸጠ፤ ጓዳቸውም ሞላ። ባል ግን ስግብግብነት ያዘው። ጨምሪ፣ ፍጠኚ፣ ድገሚ ማለት አበዛ። በመጨረሻ ቃሉን አፍርሶ በቀዳዳ ቢመለከት፣ ወፊቱ የገዛ ላባዋን እየነጨች ስትሸምን አየ። እርሷም መታየቷን ባወቀች ጊዜ በርራ ሄደች።

ተረቱን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። ጨርቁ መሸጡ ኃጢአት አልነበረም። የመጀመሪያው ጨርቅ ቤቱን መግቧል፤ ወፊቱም ወድዳና ፈቅዳ ሸምናዋለች። ጥፋቱ የመጣው የጨርቁን መጠንና ፍጥነት የሚወስነው ሸማኔዋ መሆኗ ቀርቶ ሻጩ በሆነ ጊዜ ነው። ጥያቄያችን እንግዲህ «ተሸጠ ወይስ አልተሸጠም?» ሊሆን አይገባም። «ጨርቁን የሚለካው ማን ነው?» መሆን አለበት።

በዚህ ጥያቄ ባንዱን እንመርምረው። አንድ ታላቅ ኩባንያ አዲስ የፈረመ ባንድ ቢይዝ አጭርና ለሬዲዮ የሚመች ዘፈን ይሻል ተብሎ ይጠበቃል። ዲሴምበሪስትስ በመጀመሪያው የካፒቶል አልበማቸው ውስጥ ከ12 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ባለብዙ ክፍል ዘፈን አስገቡ። በ2009 ያወጡት «ዘ ሃዛርድስ ኦፍ ላቭ» ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ታሪክ የሚተርክ፣ ገጸ ባሕርያት በተለያዩ ድምፃውያን የሚወከሉበት፣ ለሮክ የተጻፈ ኦፔራ ሊባል የሚችል ሥራ ነው። ርእሱን የወሰዱት እንግሊዛዊቷ የሕዝብ ዜማ አቀንቃኝ አን ብሪግስ በ1964 ካሳተመችው አነስተኛ ሸክላ ነው። በትንሹ አሳታሚ ቤት ከሠሩት ይልቅ በትልቁ ቤት የሠሩት ረዘመ፣ ተወሳሰበ፣ ደፈረ። «ኩባንያው ቀጭቶ አሳጠራቸው» የሚለው ወገን ይህን እንዴት ሊያስረዳ ነው?

ይህ ማለት ግን ለኩባንያው ምስጋና እናቅርብ ማለት አይደለም። ባንዱ ይህን ድፍረት ያገኘው ከካፒቶል ቸርነት አይደለም። ውሉን የፈረመው ሦስት ሙሉ አልበሞች ካሳተመ፣ በየከተማው እየዞረ የራሱን አድማጭ ካፈራ በኋላ ነበር። ከውሉ አንድ ዓመት በፊት፣ በ2004፣ ከጥንታዊው የአየርላንድ ጀግንነታዊ ትረካ የተነሣ አንድ ወጥ ዘፈን አሳትሞ ነበር፤ ርዝመቱም 18 ደቂቃ ያህል ነው። ኩባንያው የገዛው ረጅም ትረካ የሚያደምጥ ሕዝብ ያለውን ባንድ ስለሆነ ትረካውን ለመቁረጥ ምክንያት አልነበረውም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጥብቅ ነው፤ አድማጩን ይዞ ወደ ውል የሚገባ ከያኒ መለኪያውን ይዞ ይገባል፤ ባዶ እጁን የሚገባ ግን መለኪያውን በመግቢያው በር ላይ ያስረክባል። የባንዱ ነጻነት የተገኘው በትንሹ ቤት ውስጥ በተከናወነው የዓመታት ሥራ ነው። የትንሹ ቤት ዋጋም ይኸው ነው፤ የድኽነት ክብር ስለሚያጎናጽፍ ሳይሆን፣ ከያኒው ለራሱ ልኬት ጊዜ ስለሚሰጠው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ ቁጥር አምላኪው እንዙር። ይህ ወገን የሚወድደው ዓመት 2011 ነው። በጃኑዋሪ ወር የወጣው «ዘ ኪንግ ኢዝ ዴድ» የተሰኘው አልበም በመጀመሪያ ሳምንቱ 94 ሺህ ያህል ቅጂ ተሽጦ በአሜሪካ የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። «ይኸው ከፍታው! ይኸው ድሉ!» ይባላል።

ከፍታውን ግን በትክክል እንለካው። በማርች 2000 «ኤን ሲንክ» የተባለው የወጣቶች የዘፈን ቡድን ያወጣው አልበም በመጀመሪያ ሳምንቱ ብቻ 2.4 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጧል። በ2011 ዲሴምበሪስትስ አንደኛ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ሳምንት አንደኛ የነበረው «ኬክ» የተባለ ባንድ የሸጠው 44 ሺህ ያህል ነበር። ከነርሱ በተከታዩ ሳምንት ኤሞስ ሊ የተባለው ዘፋኝ አንደኛ የወጣው በ40 ሺህ ያህል ነው። በሌላ አነጋገር ተራራው ራሱ ዝቅ ብሎ ነበር። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሸክላና ሲዲ የሚገዛው ሕዝብ ስለተመናመነ፣ ቀድሞ መካከለኛ ተብሎ ይታለፍ የነበረው ሽያጭ አናት ሆነ። ባንዱ ወደ ዋናው ወንዝ ገባ የሚሉት የወንዙን መጉደል አላዩም።

ከዚህ የባሰ ምፀትም አለ። አልበሙ በሰንጠረዡ አናት ላይ በተቀመጠበት ሰሞን፣ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2011፣ የካፒቶል ባለቤት የነበረውን ኢ ኤም አይን ሲቲግሩፕ የተባለው ባንክ በዕዳ ምክንያት ተረከበው። በ2012 ደግሞ የኢ ኤም አይ የሙዚቃ ክፍል ለዩኒቨርሳል ተሸጠ። እንግዲህ የገበያው «አንደኛ» ዕዳውን መክፈል ያቃተው ቤት ሀብት ነበር። የኪነ ጥበብን ክብር በእንዲህ ያለ ሚዛን የሚመዝን ሰው፣ ሚዛኑን መጀመሪያ ይመዝነው።

ሥራው ራሱስ ምን ይመስላል? ሁለቱም ወገኖች ይህን አይጠይቁም፤ እኛ ግን እንጠይቅ። «ዘ ኪንግ ኢዝ ዴድ» በ2010 በፖርትላንድ አቅራቢያ በሚገኝ የእርሻ ቦታ፣ በጎተራ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ከሃዛርድስ ኦፍ ላቭ ውስብስብነት በኋላ ባንዱ ወደ አጫጭርና ግልጽ ዘፈኖች ተመለሰ። ከ«አር ኢ ኤም» ባንድ ጊታር ተጫዋቹ ፒተር በክ፣ ከአሜሪካ የገጠር ዜማ አቀንቃኞችም ጊሊያን ዌልች አብረው ሠርተዋል። በእኔ ግምት አልበሙ የባንዱ ምርጥ ሥራ አይደለም፤ የመድረኩ ገጸ ባሕርያት ቀንሰዋል፤ የትረካው ጥልቀትም ሳስቷል። ነገር ግን ለሽያጭ የተጎነበሰ ሥራ ነው ማለት ሐሰት ነው። ለሽያጭ የሚጎነበስ ሰው በጎተራ ውስጥ የገጠር ዜማ አይቀርጽም። ግልጽ ዘፈን መጻፍም ከተወሳሰበው አይቀልም፤ የሚደበቁበት ጥግ የለውምና። ደካማ ጎኑን በኪነ ጥበባዊ ምክንያት መተቸት ይቻላል፤ በሰንጠረዥ ላይ ባለው ቦታ መተቸት ግን ስንፍና ነው።

ቁጥር ስለ ሕዝብ ስሜት ምን ያህል እንደማይናገር ለመረዳት ከጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ እንመለስ። በሜይ 18 ቀን 2008 ባራክ ኦባማ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት በሚወዳደርበት ጊዜ በፖርትላንድ የወንዝ ዳር መናፈሻ 75 ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ከንግግሩ በፊት ዲሴምበሪስትስ በነጻ ተጫውተው ነበር። ደጋፊዎች የሕዝቡን ብዛት ለፖለቲከኛው ሰጡ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ «ሕዝቡ የመጣው ለነጻው ሙዚቃ ነው» አሉ። ያው ሕዝብ፣ ያው መናፈሻ፣ ያው ቁጥር፤ ትርጉሙ ግን እንደ ቆጣሪው ተለዋወጠ። የሰው ብዛት የቆመበትን ቦታ ያሳያል፤ ለምን እንደቆመ አይናገርም።

ታዲያ የአንድን ከያኒ ዕድገት በምን እንለካ? ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ።

አንደኛው፣ «እምቢ ማለት ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ከዕድገቱ በፊት እምቢ ሊል የማይችለውን ነገር ከዕድገቱ በኋላ እምቢ ማለት ከቻለ አድጓል፤ ካልቻለ ጌታ ለወጠ እንጂ አላደገም። ሁለተኛው፣ «የአድማጩ ጆሮ ሰፋ ወይስ ጠበበ?» የሚል ነው። ሦስት ደቂቃ ብቻ ያደምጥ የነበረ ሰው በአንድ ባንድ ምክንያት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ማድመጥ ከለመደ፣ ዕድገቱ የባንዱ ብቻ ሳይሆን የሕዝቡም ነው። ሦስተኛው፣ «ሥራው በማግስቱ የማን ነው?» የሚል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በእኛ አገር ግን ልንረሳው አይገባም ነበር። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ተቋም ብቸኛ መብት ሆኖ በቆየበት ዘመን፣ በ1969፣ በራሱ ድፍረት «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ከሃያ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ መታተም በጀመረው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ዕትም እንደ አዲስ ለዓለም ተሰሙ። ይህ ሊሆን የቻለው ቅጂዎቹን የያዘና ስለ እነርሱ ሊዋዋል የሚችል የታወቀ ባለቤት ስለነበረ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ባለቤቱ ያልታወቀ ዜማ ደግሞ ትዝታ ሆኖ ይኖር ይሆናል እንጂ ለደራሲው ልጆች እንጀራ አይሆንም።

ዲሴምበሪስትስ በዚህ በሦስተኛው ጥያቄ ዘግይተውም ቢሆን መልስ ሰጥተዋል። በካፒቶል ያሳተሙት የመጨረሻ ሙሉ አልበም የ2018ቱ ነው። በጁን 2024 ያወጡት አልበም የታተመው «ዋይ ኤ ቢ ቢ ሪከርድስ» በተባለው በራሳቸው አሳታሚ ነው። የአልበሙ መዝጊያ 19 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዘፈን ነው። የመጀመሪያው ወገን «አየህ! ከመጀመሪያውም መውጣት አልነበረባቸውም» ይል ይሆናል። ስሕተት ነው። ወደ ራሳቸው ቤት የተመለሱት በትልቁ ቤት ዓመታት ያፈሩትን አድማጭ ይዘው ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አየህ! ትልቁ ቤት ነው ለዚህ ያበቃቸው» ይል ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው። ትልቁ ቤት ብዙዎችን ተቀብሎ፣ የመጀመሪያ አልበማቸው ሳይሸጥ ሲቀር አሰናብቷል። ዲሴምበሪስትስን ያዳነው ከመግባታቸው በፊት ይዘውት የነበረው ልኬት ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ባንድ የተነገረ ቢመስልም ጥያቄው ደጃችን ላይ ቆሟል። ለኪነ ጥበብ ድጋፍ የሚሰጥ ማኅበር፣ ቲያትር ቤት ወይም የባህል መሥሪያ ቤት እንደ ካፒቶል ሁሉ ታላቅ ቤት ነው። የተያዙትን ወንበሮች ብቻ ቆጥሮ ሪፖርት የሚጽፍ ኃላፊ፣ በቀዳዳ እየተመለከተ «ፍጠኚ» ከሚለው ባል በምን ይለያል? በሌላ በኩል፣ ሕዝብ የወደደውን ተውኔት በመወደዱ ብቻ የሚያንቋሽሽ ምሁር፣ ወፊቱ ጨርቋን ሳትሸጥ በረኃብ እንድትሞት ከሚመክር ጎረቤት በምን ይሻላል?

ስለዚህ ጥሪዬ ለሦስት ወገኖች ነው። የባህል ሥራ የምትመሩ ካድሬዎች፣ በሪፖርታችሁ ውስጥ ከተመልካች ቁጥር አጠገብ አንድ ተጨማሪ ረድፍ ጨምሩ፤ ከያኒው በዚህ ዓመት ምን እምቢ ለማለት ቻለ? መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ የሥራን ውበት ከሽያጩ ለይቶ መመርመርን አስተምሩ፤ የተሸጠውን ሁሉ የሚንቅ ተማሪና የተሸጠውን ሁሉ የሚያመልክ ተማሪ እኩል ያልተማሩ ናቸው። ከያንያን ጓዶቼ ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አድማጭ አፍሩ፤ ስትፈርሙ ውሉን አንብቡ፤ ከፈረማችሁ በኋላም ሥራችሁ በማግስቱ የማን እንደሚሆን ጠይቁ። ገበያ መውጣት አያሳፍርም። ሸማኔ ጨርቁን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ክንዱን ለክቶ የሚቆርጠው ግን ራሱ መሆን አለበት።